አብሾ በጥቂቱ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የአብሾን ወሬ ያውቃል። ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ ልቡ ይከፈት ዘንድ በስውር ይጠጣዋል፤ የጠጣውም የሰማውን አይረሳም ይባላል። ጥቂት መጠጥ ቀምሶ የሚያብደውንም ሰው አገሩ «አብሾ አለበት» ይለዋል። እኛም በዜማ ቤት ሳለን ይህን ከጓደኞቻችን ሰምተናል፤ ከመምህራችን አፍ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማነውም።

አሁን ደግሞ ወሬው በሌላ መንገድ መጥቷል። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ፣ በባሕር ማዶ ሰዎች ኤል ኤስ ዲ የተባለውን ቅመም ሳያሰክራቸው በጥቂት በጥቂቱ እየወሰዱ አእምሯቸውን ያነቃሉ መባሉን ሰምቶ፣ «መምህር፣ አብሾስ በጥቂቱ ቢሆን ምን አለበት? ለጀማሪ ስንት ይበቃዋል?» ሲል ጠየቀን። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊውን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የሚያውቅ ልጅ እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ አልተቈጣነውም፤ በፒያሳ፣ ከ2016ቱ ማፍረስ ከተረፉት ቡና ቤቶች በአንዱ አስቀምጠን አነጋገርነው።

በአብሾ ውስጥ ይገባል ከሚባሉት ዕፆች ዋነኛው አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየመንገዱ ዳርና በየፍርስራሹ የሚበቅል፣ ፍሬው እሾኻም የሆነ ተክል ነው። በውስጡም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች ይገኛሉ። የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ሊቃውንት የመርሳትን ጠባይ ለመመርመር ሲፈልጉ ጤነኛውን ሰው ለጊዜው እንዲረሳ የሚያደርጉት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው። አትሮፒንም የዓይንን ብሌን ያሰፋል፤ በቅርብ ያለውንም ፊደል ያደበዝዛል። እንግዲህ ተማሪው ለማስታወስ የጠጣው ያስረሳዋል፤ ለማንበብ የጠጣውም ንባቡን ይነሣዋል።

«በጥቂቱ» የሚለው ቃልም በዚህ ዕፅ ላይ ትርጉም የለውም። የመርዙ ብዛት ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ይለያያልና፣ ትናንት ያልጐዳው መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል። ኤል ኤስ ዲም ቢሆን በሀገራችን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጥቂት የሚሉትም 10 ማይክሮግራም ያህል፣ ማለት የአንድ ግራም መቶ ሺኛ እጅ ስለ ሆነ በዓይን አይመጠንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ጥናት 191 ሰዎችን ሲመረምር፣ ሳያውቁ ባዶውን እንክብል የዋጡትም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ተሻለን ብለው ተገኙ።

ልጁ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ እናንተ ያን ሁሉ ቃል እንዴት ያዛችሁት?» አለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዜማ ተማሪ አንዱን ስልት ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ መጽሐፍ ሳያይ በጨለማ እየደጋገመ፣ በማግስቱ ሲሳሳት እየታረመ ይይዘዋል። መሳሳቱና መታረሙ ነው የሚያጸናው። ከዚህ በኋላ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቅነው፤ አራት ሰዓት አለን። በእኛ ግምት የልጁ ችግር ከዚያ ይጀምራል። አሁን በጊዜ ይተኛል፤ ማታ ማታም ደብተሩን ዘግቶ የቀኑን ትምህርት ለታናሽ እኅቱ ይነግራታል።

እናንተ ወላጆች፣ በቤታችሁ ያለ ተማሪ አፉ ደርቆ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ ከሌለ ሰው ጋር ሲነጋገር ብታገኙት (አስተናግር የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ይመስለናል) ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሳትቈጡት፣ የተረፈውንም ፍሬ ወይም ቅጠል ይዛችሁ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ምን እንደ ጠጣም ሳትደብቁ ንገሩ።