ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ሰምተን ተከልን፤ ቀን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ማታ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ። አንዱ ለነፍስ፣ ሌላው ለእንጀራ መሆኑ ነው።

ታዲያ ስሙን እንለይ እንጂ! ሁለት ሜጀር ሌላ፣ ሁለት ዲግሪ ሌላ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ሁለት ሜጀር የያዘ ተማሪ ሁለት ዘርፍ አጥንቶ አንዲት ዲግሪ ይቀበላል፤ 120 ክሬዲት አካባቢ ሊበቃው ይችላል፤ የጋራ ኮርሶች ለሁለቱም ይቆጠሩለታላ። ሁለት ዲግሪ ለሚል ግን ብዙ ቦታ 150 ያህል ይጠየቃል። የኛ ነገር ለዚህኛው ይቀርባል፦ ሁለት ሬጅስትራር፣ ሁለት ትራንስክሪፕት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለት የመውጫ ፈተና።

ባላው ሁለት ቢሆንም ተንጠልጣዩ ያው አንድ ሰው ነው። ልብ ወለድ ስናነብ ያልገጠመ ሒሳብ ይታየናል፤ ሒሳብ ስንሠራ ያልጨረስነው ምዕራፍ። ከቤት ሲደወል «ሥራ መቼ ነው የምትይዙት?» እንጂ «ምን ተማራችሁ?» ያለን የለም።

እና ወዳጆች፣ ሁለተኛውን የምንተክለው ወደነው ነው ወይስ የመጀመሪያው አይሸከመንም ብለን ፈርተን? ወደነው ከሆነ እሰየው፣ እንቅልፉም ይቅርብን። ፈርተን ከሆነ ግን ሦስተኛ ባላም አይበቃን።