ሰኞና ሐሙስ የሚያረፍደው ሠራተኛዬ

አለቃ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሆኛለሁ! ገና በ29 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የስርጭት ክፍል ኃላፊ ተብዬ 14 ሰው በሥሬ ተመደበልኝ። “ሹመት ያዳብር!” ተብሎ የተጨበጨበልኝ ዕለት ቀየት ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። “ልጄ፣ ሰው እንዳትበድል” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ እንኳ እልልታ ነበር የጠበቅኩት…

ሰው በደልኩ።

በክፍሌ ውስጥ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ እኔ ግን “አንተ” ነበር የምለው፣ እሱ “አለቃ” ይለኛል። ይህ ሰው ያረፍዳል። አንዴ በቃል አስጠነቀቅኩት፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ከዚያ ደመወዙን አስቆረጥኩ። አንድ ቀን “አለቃ፣ ባለቤቴ ታማብኝ…” ብሎ ሲጀምር “የግል ጉዳይህን በር ላይ ትተህ ግባ!” አልኩት። ይህቺን አባባል አንድ ሥልጠና ላይ ሰምቻት በጣም ወድጃት ነበር። ሰውየው ዝም አለ። በሳምንቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። በስድስት ወር ውስጥ ሌሎች አራት ሰዎች ለቀቁ። እኔ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፣ ስወጣ ሳቁን እሰማለሁ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶኝ “ኮች ቀጥረንልሃል” አለኝ። እኔ ኮች የማውቀው በእግር ኳስ ነው! ደግሞስ ምን አጥፍቼ?

ሰውየው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ፕሮጀክተር ይዘው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቡና አዘዙና “ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ?” አሉኝ። ቀጠሉ፦ “ምሳ ከማን ጋር በላህ? እናትህን መቼ ነው ያነጋገርካት?” ኧረ እኔ ሐኪም ቤት አልመጣሁም! ብዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ።

ኋላ ነው ያስረዱኝ። ኮች የሚለው ቃል ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር የወጣ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረ ሠረገላ ስሙን ለመላው አውሮፓ አበደረ። ሠረገላ መንገደኛውን ራሱ ወደሚሄድበት ያደርሰዋል እንጂ የት እንደሚሄድ አይመርጥለትም። ለመሥሪያ ቤት ሰው ነገሩ የመጣው ደግሞ ከስፖርት ሜዳ ነው፤ ቲሞቲ ጋልዌይ የሚባል አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹን የሚጥለው ከመረቡ ማዶ ካለው ይልቅ በራሱ ውስጥ ያለው ተቃራኒ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ኮቺንግ መጣ። የእኛ ጋሼ የሚከተሉት ሁለመናዊ የሚባለውን ነው። እንቅልፉንም፣ ቤቱንም፣ ቁጣውንም፣ አለቃውንም፣ የመሥሪያ ቤቱን ደንብም አብሮ ያያል። እውነቱን ለመናገር እኔ ሁሉን ነካ ነካ የሚያደርግ ነገር አይጥመኝም ነበር።

ሁለተኛው ቀን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡን አስመጡ። የዚያን ለቅቆ የሄደውን ሠራተኛ ስም በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩና “ይህ ሰው ለምን ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚያረፍደው?” አሉኝ።

እኔ እንጃ! ስንት ጊዜ ፈርሜበታለሁ፤ ቀኖቹን ግን አላየኋቸውም። ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ግልጽ ነበር አሉ። ሚስቱ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን በሌሊት አድርሷት ይመጣል።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ የቤት ሥራ ተሰጠኝ። ለሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ምን እንደበላሁ፣ መቼ እንደጮህኩና በማን ላይ እንደጮህኩ መጻፍ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት እስቲ! በሁለተኛው ሳምንት ራሴው አየሁት። ጩኸቴ የሚበዛው ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። ለምን? ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርቤ እጮህብኛለሁ። እሑድ ማታ ደግሞ እሱን እያሰብኩ አልተኛም። ለካ ከላይ የተለቀቀውን ውኃ ወደ ታች የማፈስ ቦይ ነኝ!

ጋሼ ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነገሩት፤ በእኔ ፈቃድ ነው። “እኔ የከፈልኩዎት እሱን እንዲያስተካክሉ ነው” ብሎ መለሰላቸው አሉ። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። በአገራችን የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዕቃውን በየቦታው መደርደር ብዙዎቻችን ለምደናል። አለቃን ግን ነቅለን ጋራዥ እንደምናስገባው ሞተር እናየዋለን፤ መኪናው እንዳለ ቆሞ!

በመሐሉ ለአባቴ ተዝካር ቀየት ወረድኩ። የእናቴ ወንድም ከጌራ ምድር በርኖሳቸውን ደርበው መጥተው ነበር። ማታ እሳት ዳር “አንተ ልጅ፣ ሹመቱ እንዴት ነው?” አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ስለ ጓሳ ያወሩኝ ጀመር።

የመንዝን ጓሳ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ያ ሰፊ የሣር ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው። የአስቦና የጌራ ወገኖች እያንዳንዳቸው አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ለቤት ክዳን የሚያጭድም፣ ከብት የሚያሰማራም የለም፤ ጥበቃው የሁሉም ነው። አገግሞ ሲያበቃ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰና ሣሩ ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

“አጎቴ፣ አፈሮው ሲቆጣ ይፈራ ነበር?” አልኳቸው።

“የመረጠው ሰው አይደል? ምን ያስፈራዋል! የራሱ በሬ ቢገባስ ማን ይምረዋል?” አሉና ወደ እሳቱ ዞሩ። “ደግሞ አፈሮ ማለት ሣሩ መቼ እንደደከመ የሚያውቅ ነው። አንተ ያንተን ታውቃለህ?”

ባናውን ተከናንቤ ያን ሌሊት ሙሉ አሰብኩ። እኔ እኮ አንድም ዓመት ሳልዘጋ የታጨድኩ ሣር ነበርኩ። ሌሎቹንም እንዲያው አጨድኳቸው።

ከቀየት እንደተመለስኩ እሑድ ስልኬን አጠፋ ጀመር። ሰኞ ከስብሰባ ስወጣ ወዲያው ክፍሌ አልገባም፤ ሩብ ሰዓት በእግሬ እዞራለሁ። የሰኞን የሥራ ክፍፍል ወደ ማክሰኞ አዛወርኩ። ሥራ አስኪያጁም ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በቀጣዩ ሰኞ ግን ጩኸቱ ትንሽ ቀንሷል። ሁለት ሰኞ ቆይቶ ተመለሰ እንጂ…

ለመጋዘን ሠራተኛዬ ደወልኩለት። ሦስቴ አላነሳም፤ በአራተኛው አነሳ። ይቅርታ ያልኩት “እርስዎ” ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ባለቤትዎ እንዴት ናቸው ስል “እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለች” አለኝ። ይመለሱ፣ ቦታው አልተያዘም አልኩት።

“ሰኞና ሐሙስ አራት ሰዓት ነው የምገባው፤ ማታ አካክሳለሁ” አለ።

ማንንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ደብዳቤውን ጽፌ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ገና አልፈረመም። ነገ ሰኞ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ፊቱ እቀርባለሁ።