«ሲስተም እምቢ አለ» ሲባል

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ «ሲስተም እምቢ ብሏል፣ ትንሽ ታገሡ» ያልተባለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ታቅፎ ካርድ ክፍል ደጃፍ ለቆመ ሰው ያቺ «ትንሽ» ረጅም ናት። እንጀራዬ ዳታቤዝ መጠበቅ ስለሆነ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የሚሆነውን ላጫውታችሁ።

ሠራተኛዋ የልጁን ስም ስትጽፍ ዳታቤዙ ወዲያው ፍለጋ አይጀምርም፤ መጀመሪያ መንገድ ይመርጣል። መራጩ ክፍል «ኦፕቲማይዘር» ይባላል። ፓትሪሺያ ሴሊንገርና የአይቢኤም ባልደረቦቿ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም የብዙዎቹ ዳታቤዞች መሠረት ነው። የእያንዳንዱን መንገድ ድካም ገምቶ ቀላሉን መያዝ ነው ነገሩ። ግምቱ የሚመጣው ስለ መዝገቡ ከተያዘ ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው ሳይታደስ ከከረመ፣ ኦፕቲማይዘሩ መንገዱ መቆፈሩን ያልሰማ ሹፌር ይሆናል። መቶ መዝገብ ብሎ የገባበት መቶ ሺህ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ክፋቱ፣ ይህ ጥፋት አይጮህም። መልሱ ትክክል ነው፤ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ማጠቃለያ ሲጎድለው በዕቅዱ ሥዕል ላይ ቢጫ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ሥዕሉን ለሚከፍት ባለሙያ እንጂ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አይደለም። ጥያቄው ተወሳስቦ ዕቅድ ማውጣት ሲያቅተው ደግሞ በስህተት ቁጥር 8623 ይቆማል፤ ጥያቄውን አቅልሉት ይላል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ። «አቃተኝ፣ እንዲህ አድርጉ» የሚል፣ ዝም ብሎ ከሚያስጠብቅ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ ሲበዛም ሌላ ጣጣ አለ። በሠራሁበት አንድ ቦታ ጠዋት ጠዋት ማስጠንቀቂያው ገጽ ይሞላ ነበር፤ ማንም አያነበውም። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። ግን ልጅም ሆነ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ «ተው» ሲባል ከዋለ ጆሮው ይደነድናል። ስለዚህ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የምሟገተው ለጥቂት፣ ግን መላ ለሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው። ለሠራተኛዋ «ፍለጋው ረዝሟል፤ በካርድ ቁጥር ሞክሪ» የሚል አንድ መስመር ይበቃታል።

የካርድ ቁጥር ያልኩት በምክንያት ነው። «ኃይሉ» በስንት ዓይነት «ሀ» እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ ስም የሚጋሩትም ብዙ ናቸው። ቁጥር ግን የአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙም እንደ መጽሐፍ ማውጫ በቀጥታ ያደርሰዋል። የልጆቻችሁን የካርድ ቁጥር ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉት። ልጁን የሚወስዱት አያት ከሆኑ ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አሲዟቸው። ልጁ ክፉኛ ከታመመ ግን ሲስተሙ እስኪመለስ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ነርሷ ሄዳችሁ ተናገሩ። መዝገቡ ኋላ ይደርሳል።