ማግኔት የሳበው ሁሉ ተራ ብረት አይደለም



ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ የብየዳ ቤት አለን። በቅርቡ አንድ የጥገና ሥራ ስንጨርስ ጥቂት ፓኬት የኒኬል ኤሌክትሮድ ተረፈ። የገዛው አሠሪው ስለነበር መጀመሪያ የጠየቅነው የማን እንደሆነ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞች ታውቁታላችሁ፤ የተረፈ ሁሉ የሠራተኛው አይደለም፣ አማና ነው። አሠሪው ከሒሳባችን ቀንሶ ሰጠን፣ ወረቀትም ጻፈልን።

ቁራሌው መጥቶ ማግኔቱን ቢያስጠጋው ያዘ። "ብረት ነው" ብሎ በብረት ዋጋ ሊመዝነው ተነሳ። ሰውዬው አላታለለንም፤ ማግኔት ኒኬልንም ይስባል። ይህ ኤሌክትሮድ ለጊዛ፣ ማለትም ለካስት አይረን የሚሠራው ነው፤ ከውስጡ ሽቦ ግማሽ ያህሉ ኒኬል ነው። የታወቀው 304 ስቴንለስ እንኳ 8 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው ያለው።

ከመካከላችን "ምናለሽ ተራ እንውሰደው" ያለ ነበር። በየካቲት 2014 መጨረሻ ለንደን ላይ የአንድ ቶን ኒኬል ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር አልፎ ግብይቱ እስከ መቆም ደርሶ ነበርና ወሬው አልጠፋም። የእኛ ግን ጥቂት ኪሎ ነው። በኪሎ ከሚመዝነው ይልቅ የሚበይድበት ሰው የተሻለ ይከፍላል፦ የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ የመጣለት ጋራዥ፣ ወይም አንኮበርና አልዩ አምባ ድረስ እየወረደ የወፍጮ ሞተር የሚጠግን ባለሙያ። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ዳሩ ጠንክሮ እንደገና ይሰነጠቃል። ኒኬሉ ለስላሳ ስለሆነ በኋላ ቶርኖ ላይ ይላጫል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው የፓኬቱን ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ካርቶኑን አትጣሉ።

አንዱ ፓኬት ግን ተቀዶ ነው የከረመው። የአገራችንን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው የኤሌክትሮድ ልባስ እርጥበት እንደሚጠጣ አይጠፋውም። እርጥብ ኤሌክትሮድ ብየዳውን በቀዳዳ ይሞላዋል። በምድጃ አድርቆ መጠቀም ይቻላል፣ እንደ አዲስ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ አግኝተው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን መጠየቃቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የተቀደደውን ለብቻ አስቀምጠን ለገዢው አሳየነው።

ያልተከፈቱትን በፍሬ ቆጥሮ ጥሩ ዋጋ ሰጠን። በተቀደደው ላይ ብዙ ተከራክረን በግማሽ ተስማማን። የበየድንባቸውን ጭራዎች ገና አልሸጥንም፤ ከሌላ ብረት ሳይቀላቀሉ ለብቻቸው በጣሳ እያጠራቀምናቸው ነው።