የአያቴ አልጋና እኔ የሠራሁት ሞላ

አልጋ በአማርኛችን የመኝታ ስም ብቻ አይደለም። የንጉሥ ዙፋንም አልጋ ይባል ነበር፤ ዙፋኑን የሚወርሰውም ልዑል አልጋ ወራሽ ይባል ነበር። አባቶቻችን የሚተኙበትንና የሚነግሡበትን ነገር በአንድ ስም መጥራታቸው ለአልጋ የሰጡትን ክብር ያሳያል። እኔ ግን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ስለ አልጋ አስቤ አላውቅም ነበር። ጤነኛ ሰው ስለሚተኛበት ነገር አያስብም፤ ጋደም ይላል፥ ይነጋል፥ ይነሣል። ስለ አልጋ ቀንና ሌሊት የሚያስበው መነሣት ያቃተው ሰው ነው። እኔም ማሰብ የጀመርሁት አያቴ ከወደቁ በኋላ ነው። ይህንንም ለመጽሔታችን ለመጻፍ የደፈርሁት፥ ከስሕተቴ ያገኘሁት ትምህርት ምናልባት ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ሳንጃን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ቆላው ሲወርድ የሚያገኛት የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። የደጋው ሰው ጋቢ ደርቦ በሚተኛበት ሌሊት እኛ አንሶላ ይከብደናል። በመጋቢትና በሚያዝያማ ብዙው ሰው አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ፥ አጎበሩን ሰቅሎ፥ ነፋስ እየለመነ ያድራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለው አገር በጀርባ ተኝቶ መዋል ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

አያቴ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ውሃ ይዘው ሲገቡ ደጃፉ ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ከሕክምና ተመልሰው የተኙበት ፍራሽ ወፍራም ስፖንጅ ነበር። አባቴ ሰሊጡ ደኅና ዋጋ ባወጣበት ዓመት ከጎንደር ገዝቶ ያመጣላቸው ነው። ያ ፍራሽ በገባ ጊዜ የቀድሞው የጠፍር አልጋቸው ወደ ጓዳ ተገፍቶ የጆንያ መደርደሪያ ሆነ። ስፖንጁ ሲዳስሱት ይለሰልሳል፤ ሁላችንም ወደነው ነበር። ነገር ግን የካቲት ሲገባ ሙቀቱ በረታ። ስፖንጅ በውስጡ አየር ቢኖረውም አየሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተይዞ ስለሚቆም እንደ ብርድ ልብስ ሙቀትን ያፍናል፤ ገላም ወደ ውስጥ ሰመጥ ስለሚል ላቡ የሚወጣበት መንገድ ያጣል። ፍራሹ እንዳይበላሽ ብለን ከአንሶላው ሥር ያነጠፍነው ፕላስቲክም ነገሩን አባሰው። አንድ ቀን ታናሽ እኅቴ ልብሳቸውን ስትለውጥ ከወገባቸው በታች ቆዳቸው ቀልቶ አየች። በሳምንቱ ቦታው ተላጠና ቈሰለ።

የጤና ባለሙያዋ መጥታ አየችና ምክንያቱን አስረዳችን። ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ለብዙ ሰዓት ሲጨመቅ ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰውም ሥጋ ይሞታል፤ ላብና እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ቆዳው ቶሎ ይላጣል አለችን። ስለዚህ በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ወደ ግራ፥ ጥቂት ወደ ቀኝ እንድናገላብጣቸው፥ ፕላስቲኩን እንድናነሣ፥ ገላቸውን ደረቅ እንድናደርግና የቀላውን ቦታ ከቶ እንዳናሸው አዘዘችን። እኔም ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማሁ፤ ነገር ግን በልቤ የቀረው ስለ ፍራሹ የተናገረችው ብቻ ነበር።

ይህም የሆነው በዚያው ሰሞን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሞላ እንማር ስለ ነበር ነው። ሞላ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው የሚጠሩበት ስም ሲሆን፥ ተጭነው ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ የሽቦ ጥቅል ማለት ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1678 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው ጽሑፍ፥ የሞላ መለጠጥ ከሚጎትተው ኃይል ጋር እንደሚመጣጠን አስታውቋል። አንድ ኪሎ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ካደረገው፥ ሁለት ኪሎ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህም ጋር ጄምስ ማርሻል የተባለ በካናዳ ይኖር የነበረ ሰው በ1900 አካባቢ እያንዳንዱን ሞላ ለብቻው በጨርቅ ኪስ ሰፍቶ ፍራሽ እንደ ሠራ አነበብሁ። የኪሱ ጥቅም አንዱ ሞላ ሲወርድ ጎረቤቱን ይዞት እንዳይወርድ ነው።

እንግዲያውስ ለአያቴ የሞላ ፍራሽ ለምን አልሠራም አልሁ። የሞላ ፍራሽ ውስጡ ባዶ ነው። የተኛው ሰው በተገላበጠ ቍጥር እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሞቀውን አየር በጐኑ ያስወጣል፤ ሲለቀቅም ቀዝቀዝ ያለውን ያስገባል። የፍራሹ ጐን ቀዳዳ ካለው ለሳንጃ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

መምህራችን የሰጡንን ቀመር አውጥቼ ማስላት ጀመርሁ። ቀመሩ እጅግ ያስገርማል። የሽቦው ውፍረት ሁለት እጥፍ ቢሆን ሞላው 16 እጥፍ ይጠነክራል። የጥቅሉ ወርድ ሁለት እጥፍ ቢሰፋ ጥንካሬው ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። የዙሩ ብዛት ሁለት እጥፍ ቢሆን በግማሽ ይቀንሳል። የጥቅሉን ወርድ 6 ሳንቲሜትር፥ ዙሩን 5 አድርጌ ሳሰላው፥ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ግማሽ ኪሎ ሲጫነው 33 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይህ በዛ። 3 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ከ7 ሚሊሜትር በታች ብቻ ይወርዳል፤ ይህም ደረቀ። 2 ሚሊሜትር ተኩል ግን 13 ወይም 14 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን መረጥሁ። አያቴ 45 ኪሎ ያህል ናቸው፤ ክብደታቸው በ90 ሞላዎች ላይ ቢከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይደርሰዋል ብዬ ነበር።

ለአጥር የሚሸጠውን ሽቦ ከገበያ ገዛሁ። በአንድ የብረት ብየዳ ቤት ፈቃድ ጠይቄ፥ የብረት ቱቦ በሞርሳ አስይዤ፥ ሽቦውን በእጄ እየጠቀለልሁ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ እሠራ ነበር። ሙሉውን ፍራሽ ለመሥራት ከ200 በላይ ሞላ ስለሚያስፈልግ፥ መጀመሪያ ለወገብና ለዳሌ የሚሆነውን 60 ሞላ ለመጨረስ አሰብሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መዳፌ ተላጠ፤ ሆኖም ኩራት ተሰምቶኝ ስለ ነበር አላመመኝም። ጓደኞቼም «ኢንጂነሩ» ይሉኝ ጀመር። ማታ ስገባ አያቴን «አይዞዎት እምዬ፥ ጥቂት ቀን ብቻ ይታገሡ» እላቸው ነበር። እሳቸውም «ተባረክ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሞላዎቹን በአቡጀዲ ኪስ ሰፍቼ፥ በእንጨት ሳጥን ላይ አሰልፌ፥ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራሁና በኩራት ተቀመጥሁበት። ተነሥቼ ዞር ስል ግን ሞላዎቹ አልተነሡም። በተቀመጥሁበት ቦታ ያሉት ሁሉ እንደ ተረገጠ ሣር ተኝተው ቀሩ። አንዱን በእጄ ጐትቼ አቀናሁት፤ ሁለተኛ ስጫነው እንደ ገና ተኛ። ማንም አልሳቀብኝም፤ እንዲያውም ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አንዱን ሞላ ይዤ ወደ መምህሬ ሄድሁ። ሞላውን ጫን ለቀቅ አድርገው ካዩት በኋላ «ቀመሩ አልዋሸህም፤ አንተ ግን ግማሹን ብቻ ጠየቅኸው» አሉኝ። ቀመሩ ሞላው ምን ያህል እንደሚወርድ ይናገራል እንጂ እስከ ምን ድረስ ወርዶ ሊመለስ እንደሚችል አይናገርም። የሁክ ሕግ የሚሠራው እስከ ወሰኑ ድረስ ነው፤ ብረቱ ከወሰኑ ካለፈ ይታጠፋል፥ ከታጠፈም አይመለስም። ለስላሳው የአጥር ሽቦና ጠንካራው የሞላ ሽቦ ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ለትንሽ ክብደት እኩል ይወርዳሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ክብደቱ ሲበዛ ነው። የሞላ ሽቦ ካርቦኑ የበዛ ብረት ሆኖ በብርዱ እየተሳበ የሚቀጥን ነው። ከተጠቀለለም በኋላ ረግቶ እንዲቀመጥ በመጠኑ ይሞቃል። ደግሞም ሰው በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ስለሚገላበጥ፥ የፍራሽ ሞላ በዓመት ብዙ ሺህ ጊዜ ይጨመቃል፤ ብረትም እንደ ሰው ይደክማል። እኔ ክብደቱን በ90 ሞላ እኩል ሳካፍል፥ ሰው ሲቀመጥ ሸክሙ ሁሉ በጥቂቶቹ ላይ እንደሚያርፍ፥ ሲተኛም ዳሌው ከእግሩ ይልቅ እንደሚከብድ ረስቼ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ያን ዕለት ማታ ያየሁት ነው። የፊዚክስ ደብተሬን ስፈልግ የእኅቴ ደብተር እጄ ገባ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግራ፤ 8 ሰዓት ቀኝ፤ 10 ሰዓት ግራ» የሚል ተጽፏል፤ ወደ ኋላ ስገልጥም ገጽ ከገጽ እንዲሁ ነው። እኔ በጐኔ ባለው ደብተር ቀመር ስጽፍ፥ እርስዋ በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ እየተነሣች አያቴን ታገላብጥ ነበር። ቀን እናቴ ትረዳታለች፤ ሌሊቱ ግን የእርስዋ ብቻ ነበር። በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ተብላ ስትቈጣ እንኳ ምክንያቱን አልተናገረችም። ቁስሉም የጤና ባለሙያዋ በመጣችበት ቀን ከነበረበት ሰፍቶ ነበር፤ በሁለት ሰው የሚሠራውን አንዲት ልጅ ብቻዋን መሥራት አትችልምና። ነገ የሚደርሰውን ፍራሽ እየጠበቅሁ የዛሬውን ሥራ ለሌላ ትቼ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ተራ እኔ ወሰድሁ። አንድ ሌሊት አያቴን ሳገላብጣቸው «ልጄ፥ ካልጋ ሲሏት ካመድ አለች አትበሉኝ እንጂ፥ ወደ ጠፍር አልጋዬ ብትመልሱኝ ነፋስ አገኝ ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ ጓዳ ገብቼ፥ ጆንያውን አንሥቼ፥ ያን አሮጌ አልጋ እንደ አዲስ ነገር ተመለከትሁት። በእንጨት ክፈፍ ላይ የተጠለፈ የበሬ ጠፍር ነው፤ በጠፍሩና በጠፍሩ መካከል ከላይም ከታችም ነፋስ ይገባል። ሰው ሲተኛበት ይረግባል፥ ሲነሣ ይመለሳል። እኔ በሽቦ የፈለግሁት መርገብና መመለስ በቤታችን ጓዳ ጆንያ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖችም በገመድ ወይም በጠፍር የሚጠለፍ አንገረብ የሚሉት አልጋ አላቸው፤ የሞቃት አገር ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ማግኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ የጎረቤት አባት ጠፍር መጥለፍ ያውቁ ነበርና ለመንናቸው። ጠፍሩ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አደረ፤ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ተጠለፈ፤ ሲደርቅም ራሱን ይበልጥ አጠበቀ። በዳሌው በኩል ጥቂት እንዲላላ፥ በራስጌና በግርጌ ግን እንዲጠብቅ ጠየቅኋቸው፤ ይህች አንዲቱ ከስሌቴ የተረፈች ዕውቀት ናት። በላዩ አራት ጣት የሚሆን የጥጥ ፍራሽ አነጠፍን፤ ተረከዛቸውም እንዳይጫን ከባታቸው ሥር ትንሽ የጥጥ ትራስ አደረግን። አያቴ የወዳደቁትን ሞላዎቼን አይተው «የላላ ጠፍር በውሃ ርሶ ይወጠራል፤ ይኸ ሽቦህ ግን አንዴ ከተኛ ተኛ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ከወደቁ ጀምሮ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ቁስሉ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄዶ በሰኔ ወር መጨረሻ ተዘጋ። አሁን በምርኩዝ ደጃፍ ድረስ ይወጣሉ። ያዳናቸው አልጋው ነው ለማለት ግን አልደፍርም። አልጋው ነፋስ ሰጣቸው፤ ያዳናቸው በየ2 ሰዓቱ የደረሰላቸው እጅ ነው፤ ከዚያም እጅ የሚበልጠው የእኅቴ ነበር።

ይህን ስል የሞላ ፍራሽ ከንቱ ነው፥ የአባቶቻችን ብቻ ይበቃናል ማለቴ አይደለም። ጠፍርም በየጊዜው ይላላል፤ ትኋን በስፌቱ ይሸሸጋል፤ እርጥበትም ይጎዳዋል። ትክክለኛውን የሞላ ሽቦ ባገኝ፥ በዳሌ በኩል ቀጠን ባለ ሽቦ፥ በዳር በኩል ሰው ሲቀመጥበት እንዳይተኛ ወፈር ባለ ሽቦ፥ ጐኑም ቀዳዳ ባለው ሸራ የተሠራ ፍራሽ አንድ ቀን እሠራለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ንድፉ በደብተሬ አለ። ነገር ግን በዚያው ደብተር በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደ እኅቴ ሰዓቶቹን መዝግቤአለሁ፤ ንድፉን ለማየት በገለጥሁት ቍጥር እነዚያንም አያለሁ።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፥ ብዙዎቻችን መሐንዲስና ሐኪም ለመሆን እንመኛለን፤ ምኞታችንም መልካም ነው። ሆኖም ለሰው የሚጠቅም ነገር ለመሥራት ስንነሣ፥ አስቀድመን ያ ሰው ዛሬ ማታ እንዴት እንደሚያድር እንጠይቅ። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት 60 ሞላ ከጠቀለልሁ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ሽቦውን ሳትገዙ ጠይቁ።