ለልጄ፦ የመጀመሪያውን የኪራይ ቤት ስለመግዛት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዝቶ የማከራየት ሥራ የሚጀምረው ከሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮንዶሚኒየም በ4 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በወር በ20 ሺህ ብር ቢከራይ የዓመቱ ገቢ 240 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ከዋጋው 6 በመቶ ሲሆን፣ ባንኮች ለተራ ቁጠባ ሲከፍሉ የኖሩት ዝቅተኛ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነው። ተከራይ ለቆ ቤቱ አንድ ወር ባዶውን ቢያድር 20 ሺህ ብር ይጎድላል፤ ቀለም፣ የቧንቧ ጥገና፣ የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር መዋጮና ግብር ደግሞ በየተራቸው ይመጣሉ። ገንዘቡ የብድር ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ 2 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ ወደ 320 ሺህ ብር ይከፍላል። «ኪራዩ ራሱ ብድሩን ይከፍለዋል» የሚለው የደላላ ወሬ በዚህ ስሌት ፊት አይቆምም።

ሰው ይህን እያወቀ የሚገዛው ብር እየረከሰ ሲሄድ ቤት ዋጋውን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ያ ጥቅም ግን ቤቱ ካልተሸጠ በቀር ኪስ አይገባም፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም የወር አስቤዛም አይሸፍንም። ስለዚህ ሥራው የሚስማማው ከደመወዙ ወይም ከንግዱ እየተረፈው ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። በኪራይ ለመኖር ያሰበ ሰው በአንድ ቤት አይሆንለትም። አቅሙ ገና ላልደረሰ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በከተማው ካሉት ትናንሽ አከራዮች ብዙዎቹ የጀመሩት ሁለተኛ ቤት ገዝተው አይደለም፤ በግቢያቸው ያለውን ሰርቪስ አድሰው፣ ወይም በዕጣ የደረሳቸውን ኮንዶሚኒየም አከራይተው ራሳቸው ረከስ ያለ ቤት ውስጥ እየኖሩ ነው። ይህ አጀማመር ዝናም ፎቶም የለውም፤ ነገር ግን ስለ ተከራይ፣ ስለ ጥገናና ስለ ውል የሚገኘው ትምህርት በትንሽ ገንዘብ ይገኛል።

ከሒሳቡ ቀጥሎ ወረቀቱ ነው፤ የአብዛኛው ገዢ ኪሳራ የሚመጣው ከግድግዳው ሳይሆን ከካርታው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በደርግ ዘመንም አንድ ሰው ሁለተኛ ቤት ኖሮት ማከራየት አይችልም ነበር። ማከራየቱ በኋላ ቢፈቀድም መሬቱ እስከ ዛሬ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገዢ የሚገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ ካለ ግን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ዋጋ መነጋገር ከንቱ ነው። ካርታው ነባር ይዞታ ይሁን ሊዝ፣ በላዩ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ ይኑር አይኑር የሚጣራው ካርታውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ሻጩ ያሳየው ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይሆንም።

የሻጩ ማንነትም እንደ ካርታው ይመረመራል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም፤ ስሙ በአንዱ ብቻ መሆኑ የሌላውን መብት አያጠፋም። የሟች ቤት ከሆነ ወራሾች በሙሉ መኖራቸው ይታያል፤ በአንድ እህት ቅሬታ ዓመታት ፍርድ ቤት የተጎተተ ሽያጭ በየሰፈሩ አለ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው ቤት በውክልና ሲሸጥ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል ወይ? ዛሬስ ጸንቶ አለ ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ገዢው ከወካዩ ጋር በስልክ፣ ቢቻል በቪዲዮ፣ ሳይነጋገር ቀብድ መስጠት የለበትም።

ቀብድ ራሱ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይጣራ «ሌላ ገዢ መጥቷል» በሚል ጥድፊያ የሚሰጥ ቀብድ የገዢውን እጅ ያስራል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረማል። እዚያ ላይ የተለመደ ተንኮል አለ፤ ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ዝቅ ያለ ይጻፋል። ውሉ ቢፈርስ ገዢው በቀላሉ ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብር ብቻ ነው። ከዚያም ሌላ፣ ከሽያጭ ጥቅም ላይ የሚከፈለው 15 በመቶ ግብር የሚሰላው በመግዣውና በመሸጫው ልዩነት በመሆኑ፣ ዛሬ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈው ዋጋ ነገ ገዢው ራሱ ሲሸጥ ግብሩን ያሳድግበታል። የዛሬው ሻጭ ያተረፈውን የነገው ሻጭ ይከፍለዋል።

ቤቱን ማየት ቀላሉ ሥራ ቢሆንም በቅዳሜ ከሰዓት ከደላላ ጋር በሚደረግ ጉብኝት አያልቅም። አብዛኞቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ውሃም እዚያ ድረስ የሚወጣው ግፊት ሲኖር ብቻ ነው። ሕንፃው መታየት ያለበት ውሃ በማይመጣበት የፈረቃ ቀን ነው። በደረጃው ላይ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ሻጩ የማይናገረውን ይናገራሉ። ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ካለ የላይኛው ቤት ቧንቧ ያፈሳል ማለት ነው፤ ጥገናው ደግሞ በጎረቤት በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመብራት ቆጣሪው ለብቻው መሆኑ፣ ያልተከፈለ ቢል አለመኖሩ፣ ማኅበሩ ለጥበቃና ለጽዳት ስንት እንደሚሰበስብ ከጥበቃው ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ጥበቃዎች ከደላሎች የበለጠ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ሥራ መስመር ላይ ያለ ሰፈር ደግሞ ለብቻው ይጠናል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለንብረቱ ካሳ ያስከፍላል እንጂ ገዢው ለቦታው አቀማመጥ የጨመረውን ዋጋ አይመልስም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኪራይ ራሱ በሕግ የታጠረ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሆናል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ነው። የዚህ ውጤት ለጀማሪው ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ኪራይ በችኮላ ዝቅ ብሎ ከተፈረመ በፈለጉ ጊዜ የሚስተካከል አይደለም። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ በዚያ ገንዘብ ቤቱን ማደስም ቀርቷል፤ የማደሻው ገንዘብ ከመግዣው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ተከራይ ሲመረጥ ሁለት ሺህ ብር ከሚጨምረው ይልቅ ከቀድሞ አከራዩ በሰላም የወጣው ይሻላል፤ አንድ ወር ባዶ የቆየ ቤት የብዙ ወር ጭማሪ ይበላል። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት የቧንቧ፣ የሶኬት፣ የመስታወትና የቁም ሳጥን ሁኔታ ተጽፎና ፎቶ ተነስቶ ከውሉ ጋር ይያያዛል፤ የቆጣሪው ንባብም እንዲሁ። ቤቱ ከተከራየ በኋላ ሳያስታውቁ በር ማንኳኳት፣ እንግዳ መቁጠር፣ ስለ ውሃ መጨቃጨቅ ጥሩ ተከራይ ያባርራል።

የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ ‹ለ› ሥር ይወድቃል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅም ስለጸደቀ፣ ምጣኔውና ተቀናሹ በጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከገቢዎች ቢሮ ተጠይቆ በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ውሉ ተመዝግቦ ኪራዩም በባንክ እየገባ ገቢውን መደበቅ የማይታሰብ ነው። የጥገና ደረሰኝ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጣል።

ሁለተኛ ቤት መታሰብ ያለበት የመጀመሪያው ቢያንስ አንድ ተከራይ ወጥቶበት፣ ታድሶ፣ እንደገና ተከራይቶ፣ ግብሩም ተከፍሎበት ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ የአራት ወይም የአምስት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ በተለየ የባንክ ደብተር ይቀመጣል፤ ለጥገና ካልሆነ በቀር አይነካም።

አባትሽ