ያልተጻፈው ምክንያት

የቋንቋ ተማሪ ፊደል ሲፋለስ እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም። ባለፈው ዓመት በክበባችን የመጻሕፍት ማዋሻ ተረኛ ሆኜ ስሠራ፥ ኮምፒዩተሩ «ፀሐይ» ብዬ የጻፍሁትን «ጸሀይ» አድርጎ ቢያስቀምጠው ደሜ ፈላ። ፕሮግራሙ ፀሐዩን «ፀ» በጸሎቱ «ጸ»፥ ሐመሩን «ሐ» በሀሌታው «ሀ»፥ ዓይኑን «ዐ»ም በአልፋው «አ» ይለውጣል። ሠሪው ማን ነው ብል ተመርቆ ሄዷል አሉኝ። የምሕንድስና ተማሪ የሆነውን ወዳጄን ለምኜ ዐሥር የማይሞሉ መስመሮች አስፋቅሁ፤ ለፊደላችን ትልቅ ውለታ የዋልሁ መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጽሐፍ አልመለሰም ተባለ። «መልሻለሁ» አለ። እኔ ግን መዝገቡን አምኜ በሰው ፊት ተናገርሁት፤ ልጁም ዋጋውን ከኪሱ ከፈለ። መጽሐፉን በመደርደሪያው ላይ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሲዋስ ስሙ በዓይኑ «ዐ» ተጽፎ፥ ሲመልስ ሌላው ተረኛ በአልፋው «አ» ጽፎታል፤ ፕሮግራሙም ለማያውቀው ስም ሁሉ አዲስ ገጽ ይከፍታልና አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ሆነ። ያስፋቅኋቸው መስመሮች ይህን ሲከላከሉ ኖረዋል!

ለሠሪው ስልክ ደወልሁ። «አላወቃችሁም እንዴ?» አለኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከየት እንወቅ? ጊት የሚባለው የለውጥ መዝገብ ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ለወጠ ያሳያል፤ ለምን እንደ ለወጠ ግን ሰውየው ካልጻፈው አይናገርም። እርሱ የጻፈው «ተስተካክሏል» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

ዴንማርካዊው ፒተር ናውር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የፕሮግራም ዋና ነገር በሠሪዎቹ አእምሮ ያለው ዕውቀት ነው፥ ጽሑፍም አይተካውም ይላል። ለትልልቅ ሥራ እውነት ይሆናል፤ እኛን ግን ሦስት መስመር ማስታወሻ ባዳነን ነበር። በ2011 ማይክል ናይጋርድ ያቀረበው ዘዴ ለእኔ ይሻላል፦ ለእያንዳንዱ ዋና ውሳኔ ሁኔታው፥ ውሳኔውና የሚያስከትለው በአጭሩ ተጽፎ ከኮዱ ጋር ይቀመጣል፤ ውሳኔው ቢለወጥም የቀድሞው አይደመሰስም፥ መሻሩ ይጻፍበታል እንጂ። አንድምታ የተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

መስመሮቹን መለስናቸው። አሁን ስሙ እንደ ተጻፈ ይቀመጣል፤ ፊደሉ የሚለወጠው ሲፈለግ ብቻ ነው። ምክንያቱንም ከጎናቸው ጻፍን። የተውኔት ክበብ ለአባላቱ መዝገብ እነዚያኑ መስመሮች ሲወስድ ማስታወሻው አብሮ ሄደ። ለልጁም ገንዘቡን መለስሁለት፤ አመስግኖ ተቀበለኝ። መጽሐፍ ለመዋስ ግን እስካሁን አልመጣም።